እጃጂ ላይ የበላሁት እሸት

ይህን የምጽፈው እጃጂን ላላያችሁ፣ ምናልባትም ለማታዩት ነው። አገሩን ላስጎበኛችሁ ብዬ ግን አይደለም፤ እኔም በወጉ አላየሁትም፤ ዓይኔም ልቤም ወንድሜ ላይ ነበር። ጉለሌ ልብስ ሰፊ ነኝ። ከሱቄ ርቄ የማላውቅ ሰው በመስከረም አጋማሽ ሳምንት ሙሉ የት ጠፍቼ እንደከረምኩ ጎረቤቱ ሁሉ እየጠየቀ ስላሰለቸኝ፣ አንዴ ጽፌ ልገላገል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ታናሽ ወንድሜ ከበደ የጭነት መኪና ሾፌር ነበር። በሐምሌ ዝናብ ከነቀምቴ ቡና ጭኖ ሲመለስ እጃጂ አጠገብ መኪናው ጭቃ ላይ ተንሸራተተና አንድ ገበሬ ገጨ፤ ሰውየው ሞተ። ከበደ አልሸሸም፤ ራሱ ፖሊስ ጣቢያ ሄዶ እጁን ሰጠ። በዋስ ከወጣ ጀምሮ ሁለት ወር ሙሉ እኔ ሱቅ ውስጥ፣ ጨርቅ ከምቆርጥበት ጠረጴዛ ሥር ነው የሚተኛው። ፍርድ ቤቱ የራሱ ቀጠሮ አለው፤ ያስጨነቀን እሱ አይደለም። ያስጨነቀን የሟች ታላቅ ወንድም ደበላ ነው። የወንድሜን ደም ሳልመልስ ጠጉሬን አልቆረጥም ብሏል የሚል ወሬ ደረሰን። መስከረም ሲጠባ ደግሞ ሁለት የማናውቃቸው ሰዎች ሰፈራችን መጥተው የሾፌሩ ወንድም ሱቅ የቱ ነው ብለው ጠየቁ። ባለቤቴ ያን ቀን በሩን ከውስጥ ቆልፋ ዋለች።

በዚህ መሀል ከኦቦ ጉታ መልእክት መጣ። ኦቦ ጉታ የእጃጂ ሰው ናቸው፤ ድሮ በርበሬ ይዘው መርካቶ ሲመጡ ኮታቸውን የምሰፋላቸው እኔ ነበርኩ። መልእክታቸው አጭር ነው፤ "የሟች ቤተሰብ ዓርብ ዕለት ሽማግሌ ፊት ሊቀመጥ በስንት ልመና እሺ ብሏል። አንተ ና። ወንድምህ ግን አምቦን እንዳያልፍ።"

ማክሰኞ

በጠዋት የአምቦ አውቶቡስ ላይ ወጣን። ከበደ ጋቢውን እስከ ዓይኑ ተከናንቦ መስኮት ሥር ተቀመጠ። ሾፌር ሆኖ ኖሮ መንገደኛ መሆን አልሆነለትም፤ አውቶቡሱ ፍሬን በያዘ ቁጥር የእሱም እግር ወለሉን ይረግጣል። ገና መርካቶን ሳንወጣ አንድ ጠመንጃ ያነገተ ሰው ከኋላችን መጥቶ ሲቀመጥ የከበደን ጋቢ ወደ ፊቱ ሳብ አደረግሁለት። ሆለታን አለፍን፤ አዲስ ዓለምን አለፍን። ሜዳው በአደይ አበባ ቢጫ ሆኗል ይላሉ ተሳፋሪዎቹ፤ እኔ ምኑን አይቼ፤ ጆሮዬ ከኋላ ነው። ጊንጪ ላይ ስንቆም ሰውየው የከበደን ትከሻ ነካ ነካ አደረገ። ከበደ እንደተቀመጠ ደርቆ ቀረ።

"ወንድሜ፣ አንዴ ወረድ ብዬ ልመለስ፤ ይቺን ያዝልኝ" አለና ጠመንጃውን ጭኑ ላይ አጋደመለት።

ሰውየው እስኪመለስ ከበደ ላቡ እየተንጠባጠበ የሰው ጠመንጃ ታቅፎ ተቀመጠ። በኋላ ስንጨዋወት ጠመንጃው ጥይት ከጎረሰ ዘመን አልፎታል፤ አዲስ አበባ ሊያሠራው ቢወስደው ሠሪው "ለምርኩዝ ይሁንህ" ብሎ መልሶታል። ተሳፋሪው ሁሉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ።

እዚያው ጊንጪ ከጎኔ የተቀመጡ አንዲት ሴትዮ ከመሶባቸው ድፎ ዳቦ አወጡና ቆርሰው፣ "እንካ፣ ኛዹ" አሉኝ፤ ብላ ማለታቸው ነው። እኔም እንደ ጨዋ ሰው እጄን ደረቴ ላይ አድርጌ፣ "እግዜር ይስጥልኝ፣ ጠግቤያለሁ" አልኩ። እኛ ሰፈር የመጀመሪያውን ግብዣ መመለስ ወግ ነው፤ ሦስት ጊዜ ካልተለመነ የሚበላ ሰው ሆዳም ይባላል። ሴትዮዋ ግን ፊታቸው ተለወጠ።

"ምነው፣ ደም አለብን እንዴ?" አሉኝ።

ሴትዮዋ ስለ እኛ የሚያውቁት ነገር የለም። በዚያ አገር ምግብ ለመለሰ ሰው ሁሉ የሚባል ቃል ነው፤ የቀረበለትን የማይበላ ደመኛ ብቻ ነውና። እኔ ግን ወደ ከበደ ዞር አልኩ። ከበደ ነው ያዳነኝ። ከጋቢው ሥር እጁን አውጥቶ ዳቦውን ተቀበላቸውና በላ። ሁለት ወር ሙሉ ተለምኖ እንኳ ከሁለት ጉርሻ በላይ የማይበላ ሰው፣ የኔንም ድርሻ ጨምሮ በላው። ሴትዮዋ እስከ አምቦ እሱን ሲመርቁ፣ እኔን በጎን ሲያዩኝ ሄዱ። ከአሁን ወዲያ የተሰጠኝን ሁሉ እበላለሁ ብዬ ለራሴ ማልኩ።

አምቦ በየመሥሪያ ቤቱ በር ላይ መንግሥት ባወጣላት ስም "ሀገረ ሕይወት" ተብሎ ተጽፏል፤ እንደዚያ ብሎ የሚጠራት ሰው ግን አንድም አልሰማሁም። ከገበያው ጀርባ ለከበደ አንድ ክፍል ተከራየሁለት። አከራይዋ ስሙንም ሥራውንም ሳይጠይቁ ውሃ አሙቀው እግሩን አስታጠቡት። ጉለሌ ቢሆን የአያቱን ስም ሳይናገር ቁልፍ አይሰጠውም ነበር።

ረቡዕ

ከአምቦ ወዲያ ጨው የጫነ መኪና ላይ ተለምኜ ከጆንያው በላይ ተቀመጥኩ። ጉደር ላይ ፀሐይ ነበር፤ ጌዶ ስንደርስ ብርዱ አጥንት ይሰብራል፤ ከጌዶ ቁልቁል ሲወረድ ደግሞ ሙቀቱ ኮት ያስወልቃል። በአንድ ቀን ሦስት አገር የሄድኩ መሰለኝ። እጃጂ ሊደርስ ጥቂት ሲቀረው ሾፌሩ መኪናውን አዘገመ። ከመንገዱ ዳር አንድ የድንጋይ ክምር አለ። አብረውኝ የተሳፈሩት ሰዎች አንድም ቃል ሳይናገሩ ቆባቸውን አወለቁ።

"ምንድን ነው?" አልኩ አንዱን።

"በክረምቱ ሰው የሞተበት ነው። ደግ ልጅ ነበር" አለኝ።

እኔም ቆቤን አወለቅሁ። ከዚያ ወዲያ እስክንደርስ ድረስ ቀና ብሎ ያየኝ ሁሉ የሚያውቀኝ ይመስለኝ ጀመር።

ኦቦ ጉታ ቤት ስደርስ ስለ ምን እንደመጣሁ እያወቁ እንኳ አልጠየቁኝም። እንግዳ ሳይበላ፣ እግሩን ሳይዘረጋ ስለ ጉዳዩ አይጠየቅም። መጀመሪያ ስለ ልጆቼ፣ ከዚያ ስለ ዝናቡ፣ ከዚያ አንድ በአንድ ስለ ጎረቤቶቼ፣ ቀጥሎ ስለ መርካቶ ሰው ጠየቁኝ። የከብት ነገር ሲነሳማ አንድም ላም የለኝም ብላቸው ከልባቸው አዘኑልኝ። እኔ ልቤ ሊፈነዳ ነው።

ምራታቸው ምግብ ስታቀርብ አንድ ነገር አስገረመኝ። የባሏን አባት ስም መጥራት ነውር ስለሆነ፣ ከስማቸው አነሳስ ጋር የሚገጥመውንም ቃል ሁሉ ትሸሻለች። በኦሮምኛ ቀን "ጉያ" ነው፤ እሷ ግን "ፀሐይ ያለበት" እያለች ነው የምትናገረው። ስንት ዓመትሽ በዚህ ቤት ብላት ሰባት አለችኝ። ሰባት ዓመት ሙሉ ቀን የሚባለውን ቃል ከአፏ ሳታወጣ ኖራለች። ባለቤቴ ይህን ብትሰማ የአባቴን ስም በቁልምጫ ስትጠራ የኖረችበትን ሁሉ ታስበው ይሆን አልኩ። እንዲህ ባለው ነገር ላይ ትንሽ ፈገግ ስል ኦቦ ጉታ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

"ስማኝ። የእርቁ በግ ታርዶ ደም እስኪታጠብ ድረስ እናንተና እነሱ አንድ ምንጭ አትጠጡም። ከአንድ እሳት አትሞቁም። ከአንድ ማዕድ አትቀምሱም። መንገድ ላይ ብታገኛቸው አንተ ነህ ወርደህ የምታሳልፋቸው፤ ሰላምታም የለም። ይህን የጣሰ ደሙን ንቋል ማለት ነው። ደበላ ደግሞ ሰበብ ነው የሚፈልገው። እስከ ዓርብ ከዚህ ግቢ አትውጣ።"

"እሺ" አልኩ። እንደ ተማሪ ነው እሺ ያልኩት።

ሐሙስ

ኦቦ ጉታ ሽማግሌዎቹን ለማነጋገር በጠዋት ወጡ። እኔ ሥራ ፈትቶ መቀመጥ አልችልበትም። የልጆቹን ሱሪና ሸሚዝ ሁሉ ለቃቅሜ ጠቀምኩ፤ የአጥሩን እንጨት ቆጠርኩ፤ ከዚያ የሚጠቀም ጨርቅ አለቀ። ከጓሮው በታች የበቆሎ ማሳ አለ፤ ሰው አይታይበትም። ግቢ የተባለው እስከየት እንደሆነ ማን ወስኖ ነግሮኛል ብዬ ራሴን አታለልኩና እግሬን ላፍታታ ወረድኩ። ቂል ነበርኩ፤ አልክድም።

ማሳው መሀል ዝንጀሮ የሚጠበቅበት የእንጨት ማማ ቆሟል። ከማማው ሥር አንዲት አሮጊት ወንጭፋቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው፣ ከፊታቸው በለኮሱት እሳት አንድ በቆሎ ያገላብጣሉ። አንድ ብቻ። እኔን ሲያዩ ፊታቸው በራ።

"ኮቱ፣ ና ልጄ፣ ና" አሉኝ። አማርኛቸው እንደኔ ኦሮምኛ የገበያ ነው፤ ሁለቱን እያቀላቀልን ተግባባን።

በዚያ አገር የማሳውን የመጀመሪያ እሸት ብቻውን የሚበላ ሰው የለም። ለሁለት ተሰብሮ ከሌላ ሰው ጋር ይበላል፤ ሰው ከሌለ አላፊ አግዳሚ ይጠበቃል። እሳቸው ከጠዋት ጀምሮ ሰው ሲጠብቁ፣ በቆሎው እንዳያርር ሲያገላብጡ እንደነበር ነገሩኝ። መንገደኛ መሆኔን ብቻ ጠየቁኝ፤ አዎ አልኩ። በሁለት እጃቸው ሰብረው ግማሹን ሰጡኝ። የጊንጪዋ ሴትዮ ፊት ትዝ አለኝ። ሳላንገራግር ተቀብዬ፣ ማሳዎን ይባርክልዎ ብዬ መርቄ በላሁ። ጣዕሙን እስከዛሬ አልረሳሁትም።

"ይህን የምካፈለው ከትንሹ ልጄ ጋር ነበር" አሉ እያኘኩ። "ዘንድሮ እሱ የለም። የዘራው ግን እሱ ነው። ሐምሌ ላይ መኪና ገደለብኝ።"

እህሉ ገና አፌ ውስጥ ነበር። መትፋት አልቻልኩም፣ መዋጥም አልቻልኩም። እሳቸው ወሬያቸውን ቀጠሉ፤ ልጁ ማማውን እንዴት እንደሠራው፣ ዝንጀሮ ሲያባርር እንዴት እንደሚዘፍን ነገሩኝ። እኔ እንባዬ መጣ። አሮጊቷ ሲያዩኝ እጃቸውን ዘርግተው ጉልበቴን መታ መታ አደረጉኝ።

"ተወው ልጄ። አንተ የሰው ልጅ ነህ" አሉኝ።

ስሜን ሳልናገር ተነሥቼ ሄድኩ። መንገዱን አላውቀውም፤ እሮጥ ነበር መሰለኝ።

ኦቦ ጉታ ሲመለሱ ነገርኳቸው። ቆመው የነበሩት ሰውዬ ዱላቸውን ተደግፈው ቀስ ብለው መሬት ላይ ተቀመጡ።

"አደ ዲንቄን ነው ያገኘኸው። እናቱን" አሉ። "ከሰው ሁሉ ከእሷ ጋር። ያውም የመጀመሪያውን እሸት።"

"አላወቅኋቸውም እኮ፣ አባቴ።"

"እሷም አላወቀችህም፤ ነገ ግን ታውቅሃለች። ደበላ በኛ ሐዘን ተሳለቁ፣ የወንድሜን ድርሻ አታለው በሉ ይላል። ማን አይደለም ይለዋል?"

ልብሴን ሰብስቤ ወደ አምቦ ልመለስ አልኳቸው። "ከሄድክ እውነት ይሆናል" አሉ። ያን ቀን ስለ ከብትም ስለ ዝናብም አላወራንም።

ዓርብ

ሽማግሌዎቹ የመረጡት ቦታ አንድ ትንሽ ወንዝ ነው። እነሱ ወዲያ ማዶ፣ እኛ ወዲህ፤ ሽማግሌዎቹ ውሃው መሀል ባለ ድንጋይና በዳርቻው ላይ። ደበላን ሳይነግሩኝ አወቅሁት፤ ጠጉሩ ትከሻው ላይ ወርዷል፣ ዱላው ከቁመቱ ይበልጣል። አደ ዲንቄ ከጎኑ ተቀምጠዋል። አሻግረው ሲያዩኝ መጀመሪያ ፈገግ አሉ። ከዚያ የቆምኩበትን ወገን አዩ። ፈገግታው ሲጠፋ ማየት ከዱላ ይብስ ነበር።

ኦቦ ጉታ ሳይጀምሩ እኔ ተናገርኩ። እንዲያ ይደረጋል አይደረግም አላውቅም፤ ተንበርክኬ ነው የተናገርኩት። የገዳዩ ወንድም ነኝ፤ ትናንት ከእኚህ እናት እጅ እሸት ተካፍዬ በላሁ፤ ስበላ አላወቅኋቸውም፤ ካወቅሁ በኋላ ግን ማንነቴን ሳልናገር ሄጃለሁ አልኩ።

ደበላ ወንዙ ውስጥ ገባ። ውሃው እስከ ጉልበቱ ነው። ሽማግሌዎቹ እርጥብ ሣር ይዘው ከፊቱ ቆሙ፤ በዚያ አገር ሣር ይዞ የሚለምን ሽማግሌን ጥሶ የሚያልፍ የለም፤ እሱ ሣሩን እያየ፣ እኔን እያየ ይተነፍሳል። የሣሩ ነገር ባይኖር ይህን ዛሬ አልጽፈውም ነበር።

"ዝም በሉ" አሉ አደ ዲንቄ። ድምፃቸው ትልቅ አይደለም፤ ሁሉም ግን ዝም አለ። "አንተ ልጅ፣ ትናንት አልቅሰሃል። ያለቀስከው ለልጄ ነው ወይስ ለወንድምህ?"

ኦቦ ጉታ ከኋላዬ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ምን እንድል እንደሚፈልጉ ገብቶኛል። ግን ትናንት ማንነቴን የደበቅሁበት ውሸት ጣዕሙ ገና ከአፌ አልወጣም።

"ለወንድሜ ነው፣ እናቴ" አልኩ። "እንዳይገድሉብኝ ፈርቼ ነው።"

ደበላ ወደ እናቱ ዞሮ ይጠብቃል።

"እንግዲያ ራሱ ይምጣ" አሉ። "ላየው እፈልጋለሁ። እስኪመጣ የሚነካው የለም። ደበላ፣ ከውሃው ውጣ።"

ቅዳሜ

አምቦ ደርሼ ለከበደ ስነግረው አከራይዋ በሩ ላይ ቆመው ይሰማሉ። "አትሂድ፣ ይበሉሃል" አሉት በግልጽ። በአራት ቀን ውስጥ እንደ ልጃቸው ይዘውት ጢሙን ሁሉ አስላጭተውታል። እኔም ሂድም አትሂድም ለማለት አፌ አልታዘዘኝም። ሽማግሌዎቹ ቃል ገብተዋል፤ ደበላ ግን ቃል አልገባም፤ ከውሃው ወጣ እንጂ።

ከበደ ጫማውን ማሰር ጀመረ። "የመጨረሻው መኪና በስንት ሰዓት ነው?" አለኝ። ሌላ አልተናገረም። አከራይዋ እያለቀሱ ዳቦ ጠቀለሉለት።

የሄድንበት መኪና ከድንጋይ ክምሩ ሲደርስ እንደ ልማዱ አዘገመ። ሰዎቹ ቆባቸውን ሲያወልቁ ከበደ ዓይኑን ጨፍኖ፣ እግሩ ወለሉን ረግጦ ነበር። ፍሬን መያዙ ነው።

እሑድ

ወንዙ ዳር የመጣው ሰው ከዓርብ እጥፍ ነው። ገበያ የመጣ ሁሉ ቆሟል። ኦቦ ጉታ ከበደን ቀበቶውንም ጫማውንም አስወልቀው፣ አንገቱን አስደፍተው ውሃው ዳር አቆሙት። ደበላ ማዶ ነው፤ ዱላው ዛሬም በእጁ ነው። እኔ በመሀላቸው ያለውን ርቀት በዓይኔ ለካሁ፤ ሙያዬ ነው፣ አልሳሳትም። ሰባት ክንድ ቢሆን ነው።

አደ ዲንቄ ተነሥተው እስከ ውሃው መጡ። ይረግሙታል ብዬ ጠበቅሁ። የደሙን ካሳ ያነሣሉ ብዬም አሰብኩ። እሳቸው ግን ከበደን ትክ ብለው አዩትና በዝግታ፣ በአማርኛ ጠየቁት።

"ልጄ ሲወድቅ አጠገቡ የነበርከው አንተ ብቻ ነህ። ወዲያው ሞተ?"

ከበደ ራሱን ነቀነቀ። "ወዲያው አይደለም፣ እናቴ።"

"ምን አለ?"

ከበደ ለመናገር ሁለት ጊዜ ሞከረ። ሦስተኛው ላይ ወጣለት።

"ቢሻን አለ። ውሃ ማለቱ መሆኑን አውቃለሁ። ከመኪናው አምጥቼ፣ ራሱን ጭኔ ላይ አድርጌ ሰጠሁት።"

"ጠጣ?"

"ጠጣ።"

"ከእጅህ?"

"ከእጄ። ሁለት ጊዜ ተጎነጨ። ከዚያ እጄን ያዘኝ፤ እስኪያልፍ አልለቀቀኝም።"

አደ ዲንቄ እዚያው ጭቃው ላይ ቁጭ አሉ። ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ጣሉ፤ ትከሻቸው ሲንቀጠቀጥ ይታያል። ሁለት ወር ሙሉ ልጃቸው መንገድ ላይ ብቻውን፣ ተጠምቶ የሞተ ነበር የሚመስላቸው። ደበላ እናቱን አየ፤ ከበደን አየ። ዱላውን መሬት ላይ አጋደመና ከእናቱ አጠገብ ተቀመጠ።

"በጉን አምጡት" አሉ አደ ዲንቄ ከነጠላቸው ሥር።

ሽማግሌዎቹ ሲሯሯጡ እኔ ቆሜ ቀረሁ። ወንድሜ ሁለት ወር ሙሉ ከጠረጴዛዬ ሥር ሲተኛ፣ ጠበቃውን ጠየቅሁ፣ ዋሱን ጠየቅሁ፣ ሽማግሌውን ጠየቅሁ። እሱን ግን ያን ቀን ምን ሆነ ብዬ አንድ ጊዜ እንኳ ጠይቄው አላውቅም ነበር።